«ቤዝ ይዤ ሰው እሆናለሁ?» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። 3 ዓመት ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር) ተጫውተሃል፣ ባንዳችሁ ሮክ ይጫወታል፣ መድረክ ላይ ግን ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። ሊድ ጊታሪስታችሁ፣ ዜማውን ከፊት የሚጫወተው፣ በሄደበት ሁሉ ፎቶ አብረውት ይነሳሉ። «ወደ ሊድ ልቀይር ወይስ ቤዝ ይዤ ሰው እሆናለሁ?» ነው ያልከው።

እኔ 14 ዓመት በሆቴልና በሰርግ ቤት ቤዝ ተጫውቻለሁ። አንድ ቀን የሆነውን ላውራህ።

ሰርግ ነበር። ጭፈራው ሞቅ ብሎ ሳለ የጊታሬ ጃክ መሰኪያ ከውስጥ ተበጠሰ። ክሩን እመታለሁ፣ ድምፅ የለም። ድራሙ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ዘፋኙም አልተቋረጠም። ጭፈራው ግን ቀዘቀዘ። እስክስታ የያዘው ትከሻውን አወረደ፣ ሌላው ወደ ወንበሩ ሄደ። «ቤዙ ጠፋ» ያለ አንድም ሰው የለም። አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ምነው ልጆቼ፣ ደከማችሁ እንዴ?» አሉን።

ስትጫወት ማንም አይሰማህም፤ ስትጠፋ ግን ቤቱ ሁሉ ይሰማሃል። ሥራችን ይኸው ነው። ይሄ የሚያናድድህ ከሆነ ቀይር፣ ነውር የለውም። የማያናድድህ ከሆነ ግን ስለ አንድ ሰውዬ ላጫውትህ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የኩዊን ቤዚስት ጆን ዲከን በ1951 እንግሊዝ አገር ሌስተር ተወለደ። ልጅ እያለ የቴፕ መቅረጫ ፈታትቶ ከሬዲዮ ዘፈን እንዲቀዳ አድርጎ የገጠመ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ ከሰፈር ልጆች ጋር ባንድ ገባ፤ ያኔ የሚጫወተው ሪትም ጊታር ነበር፣ ወደ ቤዝ የዞረው በኋላ ነው። ማለትም አንተ ልትሄድበት ያሰብከውን መንገድ እሱ ተገላቢጦሽ ሄዶታል። ከዚያ ለንደን ቼልሲ ኮሌጅ ገብቶ ኤሌክትሮኒክስ ተማረ፤ በከፍተኛ ማዕረግ ነው የተመረቀው።

ኩዊን ያገኘው በ1971 ነው። ከሱ በፊት 3 ቤዚስቶች ገብተው ወጥተዋል። እሱ ዝምተኛ ነበር። ጫጫታ ለማይጎድለው ባንድ ዝምተኛ መምጣቱ በረከት ሆነላቸው፤ ዕቃ ሲበላሽ መጠገኑ ደግሞ ምርቃት። አንድ ቀን የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መንገድ ላይ አገኘ። ቤቱ ወስዶ ትንሽ የስፒከር ሳጥን ውስጥ ገጠመውና በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ አምፕሊፋየር አደረገው። የባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይ በዚያች ሳጥን ስንቱን ሥራ ቀዳባት! ብዙ ጊታር እንደ ኦርኬስትራ ተደራርቦ የምትሰማባቸው ቦታዎች አሉ አይደል፣ አብዛኛው የሷ ድምፅ ነው። እኔም ከዚያ ሰርግ በኋላ መጀመሪያ የተማርኩት ሽቦ መበየድ ነው። አንተም ተማር፤ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ባንዱ ውስጥ ከገባ በኋላ የመጀመሪያ ድርሰቱ አልበም ላይ እስኪወጣ 3 ዓመት ፈጅቷል። ልብ በል፣ 3 ዓመት፤ አንተ ተስፋ የቆረጥክበት ዕድሜ። በ1975 ለሚስቱ «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ»ን ጻፈ። ኤሌክትሪክ ፒያኖ ያስፈልገው ነበር፣ ዘፋኛቸው ፍሬዲ ሜርኩሪ ግን ያንን ፒያኖ አልወደደውም። ጆን ምን አደረገ? ራሱ ተምሮ ራሱ ተጫወተው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ1980 የወጣውን «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት»ን ሳትሰማው አትቀርም። በጆሮ ማዳመጫ እንደገና ስማው። የሚነዳው ቤዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድራም አለ፣ ከዚያ ብዙም ነገር የለም። ጆን ከአሜሪካኖቹ ሺክ ባንድ ጋር ስቱዲዮ ተቀምጦ ቤዚስታቸውን በርናርድ ኤድዋርድስን ሲጫወት አይቷል፤ መነሻው እዚያ ነው። የሮክ ባንድ የዳንስ ቤት ምት ይዞ መጣ ማለት ነው። ድራመሩ ሮጀር ቴይለር ነገሩ ብዙም አልጣመውም ነበር። ቢሆንም ድምፁ ደረቅ እንዲል ድራሙ ውስጥ ብርድ ልብስ ጎሰጎሰበት። ዘፈኑን ለብቻው አውጡት ብሎ የጎተጎታቸው ማይክል ጃክሰን ነው። አሜሪካ ውስጥ 3 ሳምንት 1ኛ ሆኖ ቆየ። የጻፈው ከአራቱ ዝምተኛው ልጅ ነው!

እኛንም ይነካናል። በሐምሌ 1985 ዌምብሌይ ስታዲየም የተደረገውን የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ታውቀዋለህ፤ በ77ቱ ርሃብ የተጎዱትን ለመርዳት ነው የተዘጋጀው። በኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 መሆኑ ነው። ኩዊን የተሰጣቸው 20 ደቂቃ ገደማ ነበር። ቪዲዮውን ፈልገህ ጆንን ብቻ ተከተል። ሁሉም ፍሬዲን ሲያይ እሱ ከድራሙ ብዙም አይርቅም። ልብ ብለህ ካየህ የሮጀርን እግር ነው የሚሰማው። ቤዝ ማለት ይሄ ነው። ኪኩ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም፣ ሲመታ አንተ እዚያ አለህ።

ኪስን በተመለከተ ደግሞ። ኩዊኖች መጀመሪያ አካባቢ ስማቸው ገንኖ ኪሳቸው ባዶ ነበር። ኋላ ላይ ሒሳቡን በዓይነ ቁራኛ የሚከታተለው ጆን ሆነ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ቤት 5 ወር ተጫውቼ የ2 ወር ብቻ ተከፍሎኝ ወጥቻለሁ። ውል የለ፣ ወረቀት የለ። ባንዳችሁ ውስጥ ወረቀት የሚይዝ ሰው ከሌለ አንተ ያዝ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ፍሬዲ በ1991 ሲሞት ጆን ክፉኛ ተጎዳ። ጥቂት ጊዜ ብቅ አለ፤ በ1997 ፓሪስ ላይ ከኤልተን ጆን ጋር አንድ ዘፈን ተጫወቱ። ከዚያ ተሰናበተ። በ2001 ባንዱ ክሊቭላንድ በሚገኘው የሮክ የክብር መዝገብ ሲገባ እንኳ አልሄደም። ብራያንና ሮጀር ከዚያ በኋላም እየዞሩ ተጫውተዋል፤ እሱ ግን ቤቱ ተቀመጠ። አንዳንዱ «ምን ነካው» ይላል። እኔ ግን ገብቶኛል። እኔም ያቆምኩት ድራመራችን አገር ጥሎ ሲሄድ ነው። ሌላ ድራመር ሞክሬ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ እግሩ ግን የሌላ ሰው እግር ነው።

በል፣ ሊድ ጊታር ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። የሚቀጥለውን ልምምድ በስልክ ቅዳ። አንድ ዘፈን እንደ ወትሮው ተጫወቱ። ያንኑ ዘፈን ስትደግሙት ሁለተኛው አዝማች ላይ የቤዝህን ድምፅ ዝም ብለህ ዝጋው፣ ጣትህን ግን አታቁም። ማን ቀድሞ ዞሮ እንዳየህ እዚሁ ጻፍልኝ። ለድራመራችሁ ግን አስቀድመህ አትንገረው።