የላዳው ብርማ ጠርዝ ከነፕላስቲኩ ይድናል

ሰላም ወንድሜ። የአባትህን የ1974 ላዳ ፎቶ አየሁት። «በጌጁ (ዳሽቦርዱ ላይ ባለው የፍጥነት ማሳያ) ዙሪያ ያለው ብርማ መስመር ተልጦ ጥቁሩ ፕላስቲክ ወጥቷል፤ በብር ስፕሬይ ላስቀባው ወይስ ኒኬል ላስነክረው?» ነው ጥያቄህ። ሁለቱንም ተው። እኔም ላዳ አለኝ። ይህንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ የመጀመሪያው ተበላሽቶብኛል።

ኒኬሉ የማይሆነው በቀላል ምክንያት ነው። ገንዳው ውስጥ ኒኬሉን የሚያስይዘው ኤሌክትሪክ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ እንደ ባምፐር ገንዳ ውስጥ ቢነከር ምንም አይዝም። ፋብሪካዎች መጀመሪያ በኬሚካል ላዩን ያሻክሩታል፣ ስስ ብረት ያለብሱታል፣ ከዚያ ነው መዳብ፣ ኒኬልና ክሮም የሚከተሉት። ያንን የሚሠራ ቤት ብታገኝ እንኳ ለአንዲት ቀጭን መስመር አይመከርም።

ፎቶህ ላይ የሚታየው ደግሞ ያ ዓይነት አይመስለኝም። እውነተኛ ክሮም ሲላጥ እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። ያንተ ግን ጎበጥ ያለው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ያለቀውም ጨርቅና እጅ በሚነካው በኩል ነው። ይህ በሙቀት ተጭኖ የተለጠፈ ስስ ፎይል ነው። ሌላም አለ፤ አየር በወጣለት ዕቃ (ቫኪዩም) ውስጥ አሉሚኒየም ተንኖ ፕላስቲኩ ላይ ያርፍና በቫርኒሽ ይሸፈናል። ሁለቱም እጅግ ስስ ናቸው። አደራ፣ በበረኪና አትጥረገው! አሉሚኒየሙን በልቶ ይጨርሰዋል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ያው ነው።

የኔን ስህተት ልንገርህ። የቆየ ፖሊሽ ላስለቅቅ ብዬ ጨርቅ ቲነር ነክሬ ጠረግሁበት። ፕላስቲኩ በደቂቃ ውስጥ ለሰለሰ፣ የጨርቁ ክር ሁሉ ታተመበት። ከሌላ ላዳ የወጣ አሮጌ ክፍል እስካገኝ ብዙ ወራት ፈልጌያለሁ። ያባትህ መኪና ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም። አሴቶንም እንደዚሁ ነው፣ አታስጠጋው።

ሥራውን መኪናው ላይ ሆነህ አትጀምር። ባትሪውን ፍታ፣ ጌጁን አውጣ፣ ከጀርባው የኪሎ ሜትር ገመዱን በእጅህ ፍታ። ሽቦዎቹን ሳትነቅል በፊት ፎቶ አንሳ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ክፈፉን ብቻ እጠብ፤ ጌጁ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ። እጥበት ቤት የሚቀቡት የሚያብለጨልጭ ዳሽቦርድ ፖሊሽ ሲሊኮን ካለበት ቀለም አያስይዝም። ስለዚህ ሁለት ሦስቴ ደጋግመህ እጠበው። ሲደርቅ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ትንሽ አልኮል ነክተህ ጠርዙን ብቻ ጥረግ። መጀመሪያ ግን በማይታይ ጀርባው ላይ ሞክረው።

የተንጠለጠለውን ፎይል በቀስታ አንሳ። አጥብቆ የያዘውን ተወው። መጋጠሚያው እንዳይታይ በጣም በደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት፣ 2000 ቁጥር ቢሆን ጥሩ ነው፣ በውሃ እያራስክ ዳበስ ዳበስ አድርገው።

መቀቢያው የጀርመኖቹ የሞሎቶው ፈሳሽ ክሮም እስክሪብቶ ነው። 1፣ 2 እና 4 ሚሊ ሜትር ጫፍ አለው፤ ላንተ 2 ይበቃል። ውጭ አገር ዘመድ ካለህ ላክልኝ በለው። ስፕሬይ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው የሚሆነው፣ ይሄ ግን መስታወት ይመስላል። በደንብ ናጠው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታቋርጥ፣ ቀለሙ እርጥብ እንዳለ ተጓዝ። ደረቀ ብለህ ተመልሰህ ከነካካኸው ይዥጎረጎራል። ከመስመር ከወጣብህ አትደንግጥ፣ አልኮል የነካ ጥጥ ያነሳዋል።

ከባዱ ነገር መጠበቁ ነው። በአንድ ሰዓት የደረቀ ይመስላል፣ ጣትህ ሲነካው ግን ብርሃኑ ይጠፋል። እኔ አቧራ እንዳይነካው ካርቶን ደፍቼበት አንድ ሳምንት ሙሉ አልነካሁትም። ላዩ ላይ ቫርኒሽ አትርጭ፣ ያደበዝዘዋል። ከገጠምከው በኋላም ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ተጠቀም፤ አልኮል ያለበት ነገር በፍጹም።

ጌጁ ወጥቶ ሳለ ከጀርባ ያሉትን ትንንሽ አምፖሎች ቀይራቸው። ማታ ያ ጠርዝ ሲበራ ታየዋለህ። ስትጨርስ ፎቶውን ለጥፍልን፣ አባትህም ያዩታል።