ጋቢ ደርበን እየተጫወትን ኮምፒውተሩ ለምን ይግላል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የሳቅኩት በአንተ አይደለም፣ በራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። አንተ «ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው የምኖረው። ያገለገለ ጌሚንግ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ጨዋታ በጀመርኩ በ20 ደቂቃ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ጌሙ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል። እኛ ጋቢ ደርበን እየተንቀጠቀጥን እሱ እንዴት ይሞቃል? የውሃ ማቀዝቀዣ ልግዛ?» ብለሃል።

አትግዛ። ቢያንስ ገና አትግዛ። የውሃ ማቀዝቀዣም ቢሆን በመጨረሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በፋንና በአየር ነው። አየሩ የታፈነበት ሳጥን ውስጥ ብትገጥመው እሱም አብሮ ይታፈናል።

መጀመሪያ የብርዱን ነገር እናጥራ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ከኮምፒውተሩ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ አየር ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ውሃ እዚህ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላው፣ ንፍሮውም አልበስል እያለ እናቶቻችንን የሚያስቸግረው በዚሁ በከፍታው ምክንያት ነው። እንግዲህ ፕሮሰሰርህ (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ቺፕ) 95 ዲግሪ ደረሰ ማለት ምድጃ ላይ ከሚንተከተከው ውሃ በለጠ ማለት ነው። ይቺን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አያምኑኝም።

እንዲያም ሆኖ ብርዱ ከሚጎዳን ይልቅ ይጠቅመናል። ቤተሰቦቼ ሸዋ ሮቢት ናቸው። አንድ ክረምት ኮምፒውተሬን ይዤ ወረድኩ። ጣርማ በርን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ ጃኬትህን እያወለቅክ ነው የምትሄደው፣ ታውቀዋለህ። እዚህ 15 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 75 ላይ ይቆም የነበረው ፕሮሰሰር እዚያ 30 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 90ን ነካ። ከክፍሉ ሙቀት በላይ የሚጨምረው ልክ ብዙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው መነሻው ነው። ስለዚህ የአንተ ማሽን በደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ እየጋለ ከሆነ የሆነ ነገር ታፍኗል፣ ወይም የሆነ ነገር በደንብ አልገጠመም። ጥፋተኛውን እንፈልገው።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ለካ። ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን። ስትከፍተው ሴንሰሮቹን ብቻ እንዲያሳይህ ምረጥ፣ ከዚያ ጌሙን ጀምረህ ተጫወት፣ ስትጨርስ ከፍተኛውን የሚያሳየውን ዓምድ እይ። የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን (የጌሙን ምስል የሚሠራውን) ለየብቻ ጻፋቸው። ብዙዎቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ገደባቸው 100 ዲግሪ ነው። የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች እንደ ሞዴላቸው 90 ወይም 95 አካባቢ ናቸው። ብዙ የኢንቪዲያ ካርዶች ደግሞ 83 አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት መቀነስ ይጀምራሉ። ጌሙ የሚንቀራፈፍብህ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከኮምፒውተሩ ጋር አትጣላ፤ ነፍሱን እያዳነ ነው።

ከቁጥሩ በላይ ግን አካሄዱን ተመልከት። ማንም ያልነገረኝ፣ በራሴ ኪሳራ የተማርኩት ነገር ይሄ ነው። ጌሙን በከፈትክ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከ40 ተወርውሮ 100 ከገባ ችግሩ አቧራ አይደለም። ኩለሩ (ሙቀቱን የሚያወጣው ባለ ፋን ብረት) ፕሮሰሰሩ ላይ በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይም ፔስቱ (በሁለቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አሳላፊ ቅባት) አልቋል። ቀስ እያለ በ15 እና በ20 ደቂቃ ውስጥ እየወጣ ከሄደ ደግሞ አየሩ አይዘዋወርም። አንተ 20 ደቂቃ ስላልክ እኔ ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው።

ለማረጋገጥ የሳጥኑን የጎን ክዳን አውልቀህ ያንኑ ጌም ለዚያው ያህል ጊዜ ተጫወት። ሙቀቱ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ሳጥኑ ውስጥ አየር አይገባም ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ጉዳዩ ኩለሩ ላይ ነው። አንድ ብር አያስወጣህም፣ አንድ ማታ ግን ይወስዳል።

አሁን ወደ አቧራው። የእኛ አገር አቧራ ብቻውን አይመጣም። የኩበት ጭስ አለ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ አለ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ዕጣን አለ። ጭሱ ቅባት አለው፣ አቧራውን ያጣብቀዋል። እኔ መጀመሪያ የፈታሁት ኩለር ላይ ፋኑ ንጹሕ ይመስል ነበር። ፋኑን ሳነሳው ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች ጥቀርሻና የብርድ ልብስ ብናኝ ተደባልቆባቸው እንደ ምንጣፍ ደድረዋል። አየር አይደለም ውሃም አያሳልፉም። ስለዚህ ከላይ አይተህ «ንጹሕ ነው» አትበል። ፋኑን አንሳና ከሥሩ እይ።

ስታጸዳ የኃይል ገመዱን ንቀል፣ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስጨርስ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃሃል። ፋኑን በጣትህ ይዘህ ነው የምታራግፈው፤ በአየር ግፊት እንዲሽከረከር አትተወው። እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ አንድ ጎሚስታ ቤት ወስጄ በኮምፕሬሰር አስነፋሁት። የካርዱ ፋን እንደ አውሮፕላን ጮኾ አንድ ክንፉ ተሰበረ። ከቱቦው ውስጥም የውሃ ጠብታ ወጣ። የጎማ አየር ለጎማ ነው።

የአቀማመጡ ነገር ደግሞ አለ። ወለሉ በጣም ይቀዘቅዛል ብዬ ኮምፒውተሬን አጎዛ ላይ አስቀምጬው ነበር። አትሳቅ። የብዙ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪኩን ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) አየር የሚስበው ከሥር ነው። የበግ ጠጉር ላይ ሲቀመጥ አፍንጫው ተደፈነ። ከላይ ደግሞ ከጠረጴዛው ተርፎ የተንጠለጠለው ጋቢ የኋላ መውጫውን ሸፍኖታል። እንግዳ ለብሶ እንዲቀመጥ ያደረግነው ይመስላል። አሁን ጣውላ ላይ ነው፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ።

የፋኖቹን አቅጣጫም አረጋግጥ። ያገለገለ ማሽን ከገዛህ ቀድሞ የፈታው ሰው እንዴት እንደገጠመው አታውቅም። ሶፍት ቀደህ ፋኑ ፊት ያዘው። የፊቱ ፋን ሶፍቱን መሳብ አለበት፣ የኋላው መግፋት አለበት። ሁለቱም ወደ ውጭ የሚገፉ ከሆነ የፊቱን አዙረው። የፊት ክዳኑ ሙሉ መስታወት የሆነ ሳጥን ከሆነ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ መልኩ ያምራል እንጂ አይተነፍስም። ወንፊት ያለው ሳጥን ቢያስጠላም ይሻላል።

ፔስት መቀየር ካለብህ ቀላል ነው፤ ግን ኩለሩን ጠንቅቀህ መልስ። እኔ መጀመሪያ ያስቀየርኩት አንድ ጥገና ቤት ነበር። ቤት ስመጣ ከበፊቱ ባሰ፤ ገና ሳላጫውተው 100 ዲግሪ። ሦስት ቀን ተበሳጨሁ። በኋላ ስፈታው አራት የፕላስቲክ እግር ካለው የኢንቴል ኩለር አንዱ እግር አልገባም ነበር። አንድ ጥግ ተንሳፍፎ ቀርቷል። አራቱንም በሰያፍ ተጭነህ «ቀጭ» ሲሉ ስማ፣ ከዚያ በቦርዱ ጀርባ አይተህ መውጣታቸውን አረጋግጥ። አዲስ ኩለር ከሆነ ደግሞ ከሥሩ የተለጠፈችውን ስስ ላስቲክ ላጣት። ስንቱ ሰው ከነላስቲኳ ገጥሟል። ፔስቱ አንድ አተር ታህል ይበቃል።

የድሮውን ፔስት የምታጸዳው በአልኮል ነው። ባለ 90 ፐርሰንት ካገኘህ ጥሩ። ፋርማሲ ያለው 70 ፐርሰንትም ይሠራል፣ ግን ውሃ ስላለው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ። አንድ ወዳጄ «የደብረ ብርሃን አረቄ አይበቃም ወይ?» ብሎኝ ነበር። ስሙ የገነነ መሆኑን አልክድም፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።

ድርግም ብሎ መጥፋቱን ለብቻው ላንሳ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ከሙቀት አይመጣም። ሲጠፋ የመጨረሻው ቁጥር 70 ምናምን ከነበረ ሙቀትን አትክሰስ። ሰዓቱን አስተውል። ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ነው? በእኔ ግቢ ተከራዩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ያኔ ኮምፒውተሬም ይጠፋል። ጌም ሲጀመር ካርዱ ብዙ ኃይል ይጎትታል፣ መስመሩ ደክሟል፣ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አይችለውም። ይህ ከሆነ መፍትሔው ስታብላይዘር ወይም የተሻለ ፓወር ሰፕላይ ነው። ዊንዶውስ የሚጽፈው «ከርነል ፓወር 41» የሚለው መልእክት ኮምፒውተሩ በድንገት መጥፋቱን ብቻ ነው የሚነግርህ፣ ለምን እንደጠፋ አይነግርህም። ብዙ ሰው እሱን አይቶ ጨርሶ ይደናገጣል።

ይህን ሁሉ ሳትነካ ዛሬ ማታ ልታደርገው የምትችለው አንድ ነገር አለ። ሞኒተርህ ባለ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ከሆነ፣ ጌሙን በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ላይ ገድበው። ያለ ገደብ ከተውከው ካርዱ የማታየውን 200 ፍሬም ለመሥራት በከንቱ ይነዳል። በተለይ የጌሙ መግቢያ ገጽ ላይ፣ ምንም ሳይሠራ። የካርዱን ፋን ደግሞ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ቀደም ብሎ እንዲፈጥን ማድረግ ትችላለህ፤ የሌላ ድርጅት ካርድ ላይም ይሠራል። ፕሮሰሰሩ ካስቸገረህ በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 ፐርሰንት አውርደው። ብዙ ማሽን ላይ ቱርቦው (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት) ይጠፋል፣ ሙቀቱም ሲወርድ ታየዋለህ። ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል። እኔ ሮቢት ስወርድ የምጫወተው እንዲህ አድርጌ ነው፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ የቤቱን ማራገቢያ አዙሬበት።

አንድ ነገር ልለምንህ። ክፍሉ እንዳይቀዘቅዝህ በርና መስኮት ዘግተህ ከሰል አጠገብህ አድርገህ አትጫወት። ኮምፒውተሩም ጭሱን ይጠጣል፣ የከሰሉ ጭስ አንተንም ይገድልሃል።

አሁን ክዳኑ ተዘግቶና ተከፍቶ የወጡትን ሁለቱን ቁጥሮች፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበትና ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደነበር ጻፍልኝ። ከተቻለ ፋኑን አንስተህ የክንፎቹን ፎቶ ጨምርበት። ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ነኝ፣ ፔስትም የተረፈኝ አለ። ጠባሴ ሩቅ አይደለም።