ማመልከቻ እንጂ አቤቱታ አትጻፉ

ጅማ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ልጆች ማመልከቻቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ቡናው ይፈላል፣ እኔም መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? አብዛኛው አንድ ደብዳቤ ነው። ስሙ ብቻ ነው የሚቀያየረው።

ድሮ ጥፋቱ የኮፒ ቤት ነበር። ታይፒስቷ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ የተዘጋጀ ማመልከቻ አላት፤ ስም ትቀይራለች፣ ቀን ትቀይራለች፣ ብሯን ትቀበላለች። አንዴማ ለኛ የገባ ማመልከቻ «በባንካችሁ ለመሥራት ካለኝ ከፍተኛ ፍላጎት የተነሳ» ይላል። እኛ ባንክ አልነበርንም። አሁን ቻትጂፒቲ መጣና የፊደል ስህተቱ ቀነሰ፣ መመሳሰሉ ግን ባሰበት። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም» ያላለ አመልካች አላየሁም። ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚያመለክት ማን አለ?

ሌላው በሽታ ልመና ነው። እዚህ ላይ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የመጀመሪያ ማመልከቻዬን ያጻፍኩት ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ነበር። የታናናሾቼ አሳዳሪ መሆኔን፣ አባቴ መሞቱን፣ የቤት ኪራይ መክበዱን ደርድሮልኝ «ችግሬ ታይቶልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ» ብሎ ዘጋው። ሳነበው እኔ ራሴ አለቀስኩ። አልጠሩኝም። ራፖር ጸሐፊው ምን ያድርግ፣ የለመደው አቤቱታ ነው። አቤቱታ የጸሐፊውን ችግር ይናገራል። ቀጣሪ ግን ማስታወቂያ የሚያወጣው የራሱ ችግር ስላለበት ነው፤ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖበታል፣ ሥራ ተከምሮበታል፣ እና ደብዳቤያችሁን ሲከፍት የሚፈልገው ያንን ክምር ማን እንደሚያነሳለት ማወቅ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ቡና የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ስሠራ ለማጠቢያ ጣቢያ የግዢ ሒሳብ ሠራተኛ ፈለግን። ማመልከቻው ጎረፈ። ሁሉም ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ይችላል፣ ሁሉም ጂፒኤውን ጽፏል። ከአጋሮ የመጣች፣ ገና የተመረቀች፣ የሥራ ልምዷ ዜሮ የሆነ ልጅ ግን እንዲህ ጽፋለች፦ አባቷ እሸት ቡና ለማኅበር ሲያቀርብ እሷ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ኪሎውን በደብተር ትይዝ ነበር። አንድ ዓመት የማኅበሩ መዝገብና የእሷ ደብተር አልገጣጠም ብሎ፣ ልዩነቱን ገጽ በገጽ ፈልጋ አገኘችው። ቀጥላም እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት በለቀማ ወቅት ሥራው እስከ ማታ እንደሚዘልቅ አውቃለሁ አለች። በቃ። «ጫና እቋቋማለሁ» የሚል ቃል የለበትም። እኛ ግን ልጅቷ ሥራውን እንደምታውቀው ገባን፤ ለፈተና መጀመሪያ የጠራነው እሷን ነው። ይህ ታሪክ ሲቪዋ ላይ አልነበረም፤ ደብዳቤው የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

«እኔ ግን ምንም አልሠራሁም» ትሉኛላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁማ ይህን አትበሉኝ! ሲቢቲፒ ለሚባለው የማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ወጥታችሁ ቤት ለቤት አልዞራችሁም? ውሻ እያባረራችሁ መጠይቅ አልሞላችሁም? ስንት ቤት ገባችሁ፣ ምን ችግር አገኛችሁ፣ በር የዘጋባችሁን ሰው እንዴት አግባባችሁት? ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ። ሱቅ የጠበቀም ይጻፍ፣ ታናናሾቹን ያስጠናም እንደዚያው። ብቻ ሥራው ከሚፈልገው ነገር ጋር ይያያዝ፤ ለዚህም ማስታወቂያውን ሁለቴ ማንበብ ግድ ነው። በቴሌግራም ቻናል ባያችሁ ቁጥር ያንኑ ደብዳቤ መላክ ምንም አያመጣም።

የቀረው ቀላል ነው። ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ጉዳዩ» ላይ የሥራ መደቡን ስም ማስታወቂያው እንደጻፈው አድርጋችሁ ጻፉ። ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞ ከወጣ በአፋን ኦሮሞ፣ በእንግሊዝኛ ከወጣ በእንግሊዝኛ መልሱ። በኢሜይል ስትልኩ ባዶ ኢሜይል ላይ ፋይል ለጥፋችሁ ዝም አትበሉ፣ ሁለት መስመር ሰላምታ ምን ይጎዳል? ስለ ደሞዝ፣ ካልተጠየቃችሁ፣ ደብዳቤው ላይ አታንሱ። ቻትጂፒቲንም አትንኩ አልልም፤ ታሪኩ የእናንተ ከሆነ ፊደሉን ያርምላችሁ።

ስልክ ቁጥራችሁን ደግሞ ቁጠሩት። አንድ ጊዜ በጣም የወደድነው ልጅ ነበረ፣ ደብዳቤው ግሩም። ልንጠራው ስንል ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊያችን የጎደለውን እየገመተች ሁለት ሦስት ቦታ ደወለች፣ አንዱ ጋ ተሰደበች። ከሰዓት በኋላ ቀጣዩን ጠራን።