ለመሆኑ ግንዱ ምን ይሠራል?

ባለፈው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ የተከራየች የላቦራቶሪ ተማሪ ደብተሯን ይዛ በረንዳዬ ላይ መጣች። ፈተና ደርሶባታል። ፈተናው ስለ አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነታችን ጀርም ለመከላከል ስለሚሠራው ነገር። ሥዕሉን ታውቁታላችሁ፤ ባላ እንጨት ነው የሚመስለው። «ጋሼ፣ ሁለቱ ክንዶች ጀርሙን ይይዛሉ፤ እሺ። ግንዱ ግን ለመሆኑ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ቡናዬን አስቀመጥኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ያኔም አውቀው ነበር።

ለእሷ ያልኳትን ልንገራችሁ። አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው። አራት ሰንሰለት አለው፤ ሁለት ከባድ፣ ሁለት ቀላል። የክንዶቹ ጫፍ ከአንዱ አንቲቦዲ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ለኩፍኝ የተሠራው ለመንጋጋ ቆልፍ አይሆንም። ግንዱ ግን ብዙም አይለዋወጥም። «ይህን ያወቅነው በፓፓያ ነው» ስላት ሳቀች። እውነቴን ነው። ሮድኒ ፖርተር የሚባል እንግሊዛዊ ከፓፓያ በሚገኝ ኢንዛይም የጥንቸል አንቲቦዲ ቆራረጠ። ሁለቱ ቁራጮች ጀርም የሚይዙት ክንዶች ሆኑ። ሦስተኛው ምንም አይዝም። አሜሪካዊው ጄራልድ ኤደልማን ደግሞ ሰንሰለቶቹን ለያያቸው። በ1972 እ.ኤ.አ. ኖቤልን ተካፈሉ።

ያ ምንም የማይዘው ቁራጭ ነው ግንዱ። ሥራ ፈት እንዳይመስላችሁ። ክንዶቹ የያዙትን ጀርም በላተኛ ሕዋሳት መጥተው እንዲውጡት የሚጠራቸው እሱ ነው። ሌላም ሥራ አለው። አይጂጂ የተባለው አንቲቦዲ ከእናት ወደ ፅንስ የሚሻገረው በግንዱ ነው። እንግዴ ልጁ ላይ ግንዱን ጨብጦ የሚያሳልፍ ተቀባይ አለ። አምስት አምስት ሆነው ተያይዘው የሚሄዱት፣ አይጂኤም የተባሉት አንቲቦዲዎች ግን አያልፉም። ስለዚህ ሕፃን ሲወለድ በደሙ ውስጥ የእናቱን አንቲቦዲ ይዞ ነው የሚወለደው። ራሱ ያልሠራውን።

ሌላው በእንገር ይመጣል፤ አይጂኤ የሚባለው። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ እናቴ «ይሄ ወተት ገና አልጠራም» ብላ እንገሩን አሳለበችና አስደፋችው። ለአራሷ ልጅ ቅቤ አቃመሰቻት። እኔ የተማርኩት ሰውዬ በር ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። እናትን ማን ይናገራል? ልጄ ደህና አደገች፤ ይህን የማነሳው ዝምታ የቆየ ልማዴ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በ1996 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። ስሙ ይቅር። ከወገራ በኩል የመጣች ሃያ ዓመት ያልሞላት ሴት ልጇን አዝላ ገባች። ልጁ የሰባት ወር ነው። ተቅማጥ አልለቀው ብሎ ከስቷል። ለእናትም ለልጅም የኤችአይቪ ምርመራ ታዘዘ። የእናትየዋ በሁለተኛ መመርመሪያም ተረጋገጠ። ከልጁ ተረከዝ ደም ወሰድኩ። ጠበቅኩ። ሁለት መስመር ወጣ።

ውጤት የሚናገረው አማካሪው ነበር። እሱ ምሳ ወጥቷል። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል። ራቤም መጥቶ ነበር፤ መቼም አልደብቃችሁም። ሴትዮዋ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለች። ማንበብ አትችልም። «ዶክተር፣ ልጄስ?» አለችኝ። ያኔ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«እሱም አለበት» አልኳት።

ሁለት ቃል ናት። ያ መመርመሪያ ቫይረሱን አያይም፤ የሚያየው አንቲቦዲ ነው። ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃን ደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ደግሞ የእናቱ ሊሆን ይችላል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አግኝቼዋለሁ። ለእንዲህ ያለ ሕፃን የሚያስፈልገው የቫይረሱን ዘረመል ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ነው። እኛ ጋ ያኔ አልነበረም። ማለት የነበረብኝ «የልጁ ገና አይታወቅም፤ አንቺም ሕክምናሽን ተከታተይ፤ እሱንም መልሰሽ አምጪው» ነበር። ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ልጇን ጠበቅ አድርጋ አዘለችው። አላለቀሰችም። ወጣች።

እናንተ የዛሬ ልጆች ማሽን የተፋውን ቁጥር ትገለብጣላችሁ፤ ቁጥሩ ምን ለካ ብላችሁ አትጠይቁም። እንዲህ እያልኩ ስቆጣ ያቺ ተማሪ ትስቅብኛለች። ልክ ናት፤ እኔ የተሳሳትኩት ማሽን በሌለበት ነው። ስልክ ላይ ተጥዳችሁ ትውላላችሁ ብዬም አማርራለሁ። በስልኳ ያሳየችኝ ተንቀሳቃሽ ምስል ግን እኛ በጠመኔ ከተማርነው ይበልጣል። የአንቲቦዲው ክንዶች እንደ ማጠፊያ ሲዘረጉና ሲሰበሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው።

አንድ ነገር ግን አልተውላችሁም። አራዳ ወጥታችሁ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ፤ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ተባልኩ» ይላችኋል። በየዓመቱ፣ አንዳንዱ በዓመት ሦስቴ። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚፈልገውም አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ በሽታው ካለፈም በኋላ ይቆያል፤ ከሌላ ተዛማጅ ጀርም የመጣም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተወሰደ ደም የወጣ ውጤት ዛሬ ታይፎይድ አለ ብሎ አይመሰክርም። ይህን እያወቅን «ፖዘቲቭ» ብለን እንጽፋለን፤ ሰውዬውም መድኃኒቱን ገዝቶ ይሄዳል።

ያቺ እናት ልጇን አዝላ ከወጣችበት ቀን በኋላ ዓመት ሳይሞላ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀመረ። ሴትዮዋን በመዝገብ ፈለግኳት። አልተመለሰችም።

በ2001 ዓ.ም. ጥቁር የለበሱ አሮጊት አንድ ብላቴና እጁን ይዘው መጡ። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፤ «መድኃኒቱን አስጀምሩልኝ» አሉ። ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። እናትየዋ ጸበል ገብታ እዚያው አርፋለች። ሐኪም ቤት ሂጂ ሲሏት «እሱም ከተያዘ እኔ ለማን ብዬ እድናለሁ?» ብላ እምቢ አለች አሉ። እሳቸው ልጁን ሳህኑን ለይተው፣ ማንኪያውን ለይተው አሳደጉት። በሳህን እንደማይተላለፍ የነገራቸው አልነበረም።

መረመርኩት። አንድ መስመር ብቻ። ደገምኩት። ያው ነው።

ስነግራቸው እልልታ ጠብቄ ነበር። አሮጊቷ ወረቀቱን እያዩ ቆዩና «ታዲያ ልጄ፣ ያኔ ያየኸው ምን ነበር?» አሉኝ።

«የእናቱን ነው፣ እማማ። ከማህፀን ይዞት የወጣው የእናቱ ነበር።»

«የእናቱ?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ ቆየለት?»

«ቢበዛ ዓመት ከመንፈቅ።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ብዙ ቆዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «በል ና» አሉት ልጁን፤ ወረቀቱን መልሰው በመቀነታቸው ቋጠሩት።

ይህን ለተማሪዋ አልነገርኳትም። በማግስቱ ፈተና ነበረባት።