ጉቦ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ወንድምሽ የሜታምፌታሚን (እንቅልፍ የሚነሳ አነቃቂ ዕፅ) ሱሰኛ መሆኑን፣ ሎስ አንጀለስ ያለው ክሊኒክም ሽንቱ ተመርምሮ ከዕፅ ንጹህ በሆነ ቁጥር የስጦታ ካርድ እንደሚሰጠው ገልጸሽ «ይህ ጉቦ አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በ2024 እዚያው ከተማ በዚሁ ሕክምና አልፌያለሁ። በሌሊት ጭነት ስነዳ እንቅልፍ ለማባረር የጀመርኩት ነገር አራት ዓመት ይዞኝ ነበር። መጀመሪያ ሲነግሩኝ «ለመሽናት ደመወዝ!» ብዬ ስቄያለሁ።

በእኔ ጊዜ የነበረውን ሂሳብ እይው። የመጀመሪያው ንጹህ ውጤት 10 ዶላር ያስገኛል። ለ12 ሳምንት በሳምንት ሁለቴ ይመረመራል፤ ሳምንቱ ንጹህ ሆኖ ካለፈ ዋጋው በ1.50 ያድጋል፣ ጣሪያው 26.50 ነው። ቀጥሎ ባሉት 12 ሳምንታት ምርመራው በሳምንት አንድ ጊዜ ይሆናል። በእኔ ጊዜ በዓመት ከ599 ዶላር አያልፍም ነበር። እኔ ለሱሴ በወር ከዚያ በላይ አወጣ ነበር!

ታዲያ ምኑ ሠራ? ሱስ ደስታውን አሁኑኑ ይሰጣል፤ ጤናና ትዳር ግን «ቆይ» ይላሉ። ካርዱ አያስቆይም፤ ውጤቱ እንደታየ እጅህ ይገባል። ማክሰኞ ማታ ሲያምረኝ የሐሙስ ምርመራ ይታወሰኛል። በዘጠነኛው ሳምንት ወደቅሁ፤ ከ22 ዶላር ወደ 10 ወረድኩ። አማካሪዋ አልተቆጣችም፤ «ዛሬ የለም፣ ሐሙስ እንጠብቅሃለን» አለችኝ። የንስሐ አባቴ ተግሣጽ ያላስለቀሰኝን ሰው ያቺ 12 ዶላር አስለቀሰችኝ። ሁለት ተከታታይ ንጹህ ውጤት ሳመጣ ወደነበርኩበት መለሱኝ።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪው ስቲቨን ሂጊንስ በአሜሪካ ቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ በኮኬይን ሱሰኞች ላይ ሞክሮታል፤ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎችም ከ2011 ጀምሮ ይጠቀሙበታል። ለሄሮይን ሜታዶን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለዚህኛው ሱስ ግን የተፈቀደ መድኃኒት የለም።

ካርዱን አትውሰዱበት፣ የራሱ ነው። መጠጥና ሲጋራ አይገዛበትም፤ እኔ በመጀመሪያው ለልጄ ካልሲ ገዛሁ። እናታችሁ ደግሞ «ዓመት ከቆየህ መኪና እንገዛልሃለን» እንዳትል። የእኔ እናት ብላዋለች፤ ዓመት ለሱሰኛ ሩቅ አገር ነው።

እኔን ያስቸገረኝ ፍጻሜው ነው። በ25ኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ለባብሼ ወጣሁና የምሄድበት አጣሁ። ወንድምሽ ሳይጀምር፣ ከ24 ሳምንት በኋላ የትኛው የምክር ቡድን እንደሚቀበለው ክሊኒኩን ጠይቂ፤ ቀኑንም አስጽፊ።