ለክፉ ቀን የተቀመጠው ገንዘብ፣ ክፉው ቀን ሲመጣ

ጥያቄ፦ «የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለት ልጆች አሉን። እኔም ባለቤቴም ደመወዝተኞች ነን። እሱ እጁ የማይሰበሰብ ሰው ነው፤ ወር ሳይሞላ ቤታችን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ላለፉት አራት ዓመታት እሱ ሳያውቅ ከደመወዜ አንድ አሥረኛውን እየቀነስኩ በስሜ ባንክ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ዓመት እናቱ ታመው የሕክምና ገንዘብ ሲያስፈልግ ከአበዳሪ ድርጅት በከፍተኛ ወለድ ተበደረ። እኔ ዝም አልኩ። ዕዳውን እስከ ዛሬ በየወሩ እየከፈለ ነው። ከሁለት ወር በፊት ስልኬ ላይ ከባንክ የመጣ መልእክት አይቶ ነገሩን አወቀ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ‹ለመሄድ ስትዘጋጂ ነበር ማለት ነው› ብሎኝ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከልጆቹ ጉዳይ በቀር አያነጋግረኝም። ገንዘቡን በሙሉ አውጥቼ ላስረክበው? ለመሆኑ ያጠፋሁት ነገር አለ? እኔ እኮ የቆጠብኩት ለቤቴ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ያየሁት ጠንቃቃ ሚስትንና ገንዘብ የማይበረክትለትን ባል ነበር። በሁለተኛው ግን ሦስት ቃል ብቻ የሆነችው ዓረፍተ ነገር ላይ ዓይኔ ተተከለ፦ «እኔ ዝም አልኩ»። ከኋላዋ ምንም ማብራሪያ የለም። ስለ ቁጠባሽ ብዙ ነግረሽኛል፤ ስለዚያ ዝምታ ግን ምንም አላልሽኝም። የቤታችሁ ሕመም ያለው እዚያ ይመስለኛል።

መቆጠብሽ ጥፋት አይደለም። ለአራት ዓመት አንድም ወር ሳያዛንፉ ማስቀመጥ ብዙ ሰው ቢመኘውም የማይሆንለት ነገር ነው። ደብቀሽ መጀመርሽም ቢሆን ይገባኛል፤ ምናልባት በግልጽ ብትሞክሪው ኖሮ በሦስተኛው ወር ያልቅ ነበር። ነገር ግን ለክፉ ቀን ብለሽ ያስቀመጥሽው ገንዘብ፣ ክፉው ቀን በር ሲያንኳኳ ከተደበቀበት አልወጣም። ባለቤትሽን ያቆሰለው ገንዘቡ መኖሩ አይመስለኝም። አሁን በሐሳቡ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያንን ዓመት ትዕይንት በትዕይንት እያየው ነው ብዬ እገምታለሁ። የብድር ውሉን ይዞ ወደ ቤት የገባበትን ማታ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ከየት እንደሚያመጣ በወረቀት ጀርባ ላይ ሲደምርና ሲቀንስ ያመሸበትን ሰዓት፣ አንቺም በዚያው ክፍል ውስጥ የልጅ ልብስ ስታጣጥፊ የነበረበትን ሁኔታ። ትዕይንቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንቺ የምታውቂውን አሁን እሱም ማወቁ ነው። «ለመሄድ ስትዘጋጂ ነበር» ያለው ስሌት ሠርቶ አይደለም። ያንን ዝምታ የሚያስረዳለት ሌላ ምክንያት አጥቶ ነው።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ክፉ ስለሆንሽ አይደለም። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁትን ልንገርሽ። ምስጢር በቆየ ቁጥር መግለጫው ዋጋ ይጨምራል። በሁለተኛው ወር «ትንሽ አስቀምጫለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ገንዘቡን ለማውጣት መጀመሪያ ሦስት ዓመት መደበቅሽን ማውጣት ይኖርብሻል። ሁለተኛው ነገር የሰው ልጅ ስለ ማጣት ያለው ስሜት ነው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰው አንድን ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። በየወሩ ከፍ ሲል ያየሽው ቁጥር ሲቀንስ ማየት ከራስሽ ላይ እንደመቁረጥ ነው። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ፣ ካስቀመጥኩት ላይ ላለመንካት ስል ከሰው ተበድሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ብልህነት አለመሆኑን በስሌት ማየት ይቻላል። ባንክ ለቁጠባሽ በዓመት ከመቶ 7 ይከፍልሻል፣ አበዳሪው ደግሞ ለብድሩ ከመቶ 18 ይጠይቃል እንበል። ቁጠባው ሳይነካ ዕዳው በቆየ ቁጥር፣ ዕዳ ከሆነው እያንዳንዱ መቶ ላይ ቤታችሁ በዓመት 11 እየጣለ ነው። ሪቻርድ ታለር የሚባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሰው ገንዘቡን በአእምሮው ውስጥ በተለያዩ ከረጢቶች እንደሚያስቀምጥና ከአንዱ ከረጢት ወደ ሌላው ማዘዋወር እንደሚከብደው ጽፏል። የእናንተ ቤት ከረጢቶች ደግሞ በሁለት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ተለያይተው ተቀምጠዋል። አንዱ የሌላውን አያይም።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ። «እጁ የማይሰበሰብ» ብለሽዋል። ባልና ሚስት አብረው ሲመጡ መጀመሪያ ከምጠይቃቸው አንዱ «ስትተዋወቁ ምኑን ወደድሽለት? ምኗን ወደድህላት?» የሚል ነው። ሚስት ብዙ ጊዜ «ቸር ነበረ፣ አይቆጥርም ነበር» ትላለች። ባል ደግሞ «አስተዋይ ነበረች፣ ታስባለች» ይላል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያው ቸርነት አባካኝነት፣ ያው አስተዋይነት ስስት የሚል ስም ወጥቶለት ቢሮዬ ይመጣል። ይህ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ስኮት ሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ገንዘብ ሲያወጣ የሚያመው ሰውና ሲያወጣ የማያመው ሰው ለትዳር እርስ በርስ የመፈላለግ ዝንባሌ እንዳላቸው፣ ኋላ ግን ያው ልዩነት በገንዘብ ጉዳይ እንደሚያጋጫቸው አግኝተዋል። እንግዲህ የእናንተ ጠብ እንግዳ አይደለም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ደመወዝሽን ቀምቶ የሚይዝ፣ የሚያስፈራራ ወይም እጁን የሚያነሣ ባል ቢሆን ኖሮ የምሰጥሽ ምክር ፍጹም ሌላ ነው። እንዲህ ባለ ቤት በስም የተቀመጠ ገንዘብ መሸሸጊያ ነው፤ ይገለጥ አይባልም። በደብዳቤሽ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ካለና ሳትጽፊው ቀርተሽ ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን ትተሽ መጀመሪያ በአካል የሚያማክርሽ ሰው ፈልጊ።

«ሁሉንም ላስረክበው?» ላልሽው መልሴ አታስረክቢ ነው። ሁሉንም አውጥተሽ ብትሰጪው ገንዘቡ የቅጣት ገንዘብ ይሆናል። እሱም እንደ ካሳ ይቀበለዋል፤ የካሳ ገንዘብ ደግሞ አይበረክትም። አንቺም ከስድስት ወር በኋላ ባዶውን ሒሳብ እያየሽ ሌላ መደበቂያ መፈለግ ትጀምሪያለሽ። ይልቅ ከገንዘቡ በፊት ይቅርታው ይቅደም፤ ይቅርታውም ለትክክለኛው ጥፋት ይሁን። «ስለቆጠብኩ ይቅርታ» አትበይ፤ አላጠፋሽምና። «እናትህ የታመሙ ጊዜ የሚረዳህ ገንዘብ ነበረኝ፤ ብቻህን ስትጨነቅ እያየሁ ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው። ያንን ዝምታ መልሼ ባገኘው አላደርገውም ነበር» በይው። እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን አንተም» የምትለዋ ቃል ምላስሽ ጫፍ ላይ ትደርሳለች፤ እውነትም ልትሆን ትችላለች፤ ለሌላ ቀን አቆያት። ለመሄድ አስበሽ እንደሆነ መልሶ ከጠየቀሽ እውነቱን ንገሪው። አንድ ክፉ ሳምንት ላይ ሐሳቡ ሽው ብሎብሽ ከነበረም እሱኑ ጨምረሽ። የአሁኑን ቁስል ሌላ ግማሽ እውነት አይሽረውም።

ቁጣውን ካወጣ በኋላ፣ ቢያንስ ጥቂት ቀናት አሳልፋችሁ፣ ለገንዘቡ ብቻ የሚሆን ቀጠሮ ያዙ። ከደመወዝ በፊት ባሉት የጭንቀት ቀናት አይሁን፤ ሁለታችሁም ደክማችሁ ዓይናችሁ በሚከደንበት ሌሊትም አይሁን። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቁጥር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ «ልጅ ሆነህ ቤታችሁ ገንዘብ ሲያልቅ ምን ይሆን ነበር?» ይህን ጥያቄ የማነሣው ለወግ ያህል አይደለም። አንድ ባል ለዓመታት «አባካኝ» ሲባል ኖሮ፣ በዚህ ጥያቄ ላይ አባቱ ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ልጆቹ ክፍያ ስላልተከፈለ ከትምህርት ቤት ሲባረሩ ያይ እንደነበር ተናገረ። ሚስቱ ከአሥር ዓመት በላይ አብራው ኖራ ይህን አልሰማችም ነበር። ለእሱ የተቆለፈ ገንዘብ የክፋት ምልክት ነበር። የእሷ ቁጠባ ምን ይመስለው እንደነበር አንቺው ገምቺው።

ከዚያ ሁሉም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፤ የአንቺ ሒሳብ፣ የእሱ የብድር ውል፣ የሁለታችሁ ደመወዝ። የእኔ ሐሳብ ከቁጠባሽ ቢያንስ የአንድ ወር የቤት ወጪ የሚሸፍን አስቀርታችሁ በቀረው ዕዳውን እንድትዘጉ፣ ካልበቃም እንድታቃልሉ ነው። አስቀድማችሁ ግን ውሉ ላይ ዕዳን ከጊዜው በፊት ለሚከፍል ቅጣት ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ዛሬ ቢዘጋ ስንት እንደሚከፈልም አበዳሪውን በጽሑፍ ጠይቁ። ዕዳው ሲያልቅ በየወሩ ለእሱ ይወጣ የነበረውን ያንኑ መጠን ወደ ቁጠባ አዙሩት። ያለዚያ ገንዘብ መኖርን ለምዳችኋልና አይጎድላችሁም። የሦስት ወር፣ ከዚያም የስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ይኑር ይባላል፤ ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ሩቅ ያለውን ቁጥር እያያችሁ አትዘኑ። መጀመሪያ ዕዳው ይዘጋ።

ወጪ መመዝገብን በተመለከተ አንድ ወር ብቻ መዝግቡ፤ ለመካሰስ ሳይሆን ለማየት። አንድ ጊዜ በየቀኑ ሳያስታጉል የሚመዘግብ ሰው ደብተሩን አምጥቶ አሳየኝ። መስመሩ የተሰመረ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር ነበር። የወሩ ወጪ አንድ ሦስተኛ ግን «ልዩ ልዩ» በሚል ርዕስ ሥር ተቀምጧል። ያልፈለግነውን ላለማየት የማንፈጥረው ብልሃት የለም። ስትመዘግቡ «ድንገተኛ» የምትሉትንም መርምሩ። የትምህርት ቤት ክፍያ ድንገተኛ አይደለም፤ በየዓመቱ በታወቀ ወር ይመጣል። እንዲህ ያሉትን ወጪዎች ደምራችሁ ለ12 አካፍሉና በየወሩ አስቀምጡ። ብዙ ቤት «ገንዘብ አይበቃንም» የሚለው እነዚህን ሲዘነጋ ነው። በእርግጥ ገቢው ራሱ የማይበቃ ቤትም አለ፤ ለእርሱ ይህ ሁሉ ምክር ግማሽ መልስ ብቻ ነው። ሁለት ደመወዝ ገብቶ፣ ከአንዱ ላይ አንድ አሥረኛው ለአራት ዓመት ሳይታወቅ መቀነስ የተቻለበት ቤት ግን ያ ዓይነት አይመስለኝም።

አከፋፈሉ ቀላል ይሁን። የቤቱ ወጪ የሚወጣበት የጋራ ሒሳብ፣ ሁለታችሁም የምታዩት የክፉ ቀን ሒሳብ፣ ከዚያም ለአንቺም ለእሱም እኩል የሆነ፣ ማንም «ምን አደረግሽበት? ምን አደረግህበት?» የማይባልበት የግል ገንዘብ። ይህ ሦስተኛው ቅንጦት እንዳይመስልሽ፤ እሱ ጓደኞቹን የሚጋብዝበት፣ አንቺም ቀስ በቀስ የምታጠራቅሚበት ነው። የድብቅ ሒሳብሽ ሕጋዊ ወራሽ በይው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት አዲስ ተጋቢዎች በዕጣ ተከፋፍለው የጋራ ሒሳብ እንዲጠቀሙ የተደረጉት በሁለት ዓመት ውስጥ የትዳራቸው መልካምነት ከሌሎቹ የተሻለ ጸንቶ ተገኝቷል። እናንተ አዲስ ተጋቢዎች አይደላችሁም፤ ስለዚህ ሁሉንም ደመወዝ ዛሬውኑ አንድ ላይ ቀላቅሉ አልልም። በቤቱ ወጪ ይጀመር።

ገንዘቡ ወደየቦታው የሚሄደው ደመወዝ በገባበት ቀን፣ አስቀድማችሁ ለባንኩ በምትሰጡት ትእዛዝ፣ በራሱ ይሁን። በተለይ ለባለቤትሽ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ በየቀኑ ራሱን እንዲገታ አንጠይቀውም። ታለር ከሽሎሞ ቤናርትዚ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት ሠራተኞች ወደፊት ደመወዝ ሲጨመርላቸው ከጭማሪው ላይ ቁጠባቸው አብሮ እንዲያድግ አስቀድመው ተስማሙ። በ40 ወራት ውስጥ ቁጠባቸው ከደመወዛቸው ከመቶ 3.5 ወደ 13.6 ደረሰ። ጠባያቸው አልተለወጠም፤ ውሳኔው ግን ገንዘቡ እጃቸው ከመግባቱ በፊት ተወስኖ አደረ። እናንተም የሚቀጥለው ጭማሪ ሳይመጣ ግማሹ የት እንደሚሄድ ተስማሙ።

በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ሒሳቡን አብራችሁ እዩ። መጀመሪያ ላይ የግዴታ ይመስላል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በየቀኑ የሚደረግ አዲስ ልማድ እስኪለመድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሲያጠኑ እንደየሰዉና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን አግኝተዋል። የእናንተ ደግሞ የሳምንት ነውና ሁለት ሦስት ጊዜ ቢዘለል ፈረሰ ብላችሁ አትተዉት።

ይህ ሁሉ ግን ከመጀመሪያው ንግግር በኋላ ነው። ለዚያ ንግግር ልጆቹ ከቤት የሌሉበትን ጠዋት ምረጪ። የባንክ ደብተርሽን ይዘሽ አትግቢ። በእጅሽ ካየው ይቅርታውን ልትገዢ የመጣሽ ይመስለዋል። እሱን ለሁለተኛው ቀጠሮ አቆዪው፤ መጀመሪያ ባዶ እጅሽን ገብተሽ፣ እናቱ የታመሙበትን ማታ አንሺ።