ጠይቁን፦ ሕፃናት ላሉበት ቤት የገና መሰናዶ

በዚህ ወር ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ገና ናቸው፤ ከወጥ ቤት እስከ መጫወቻ ሜዳ። መልሶቹ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ የልጆቹን ድርሻ ድግሱ ሳይጀመር ለይቶ ማሰብ።

ጥያቄ፦ ድፎ ዳቦዬ ታቹ ያርራል፣ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ ዳር ዳሩን በልተው መሃሉን ይተዉታል። የምጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሆን የማቦካው ሦስት ኪሎ ዱቄት ነው።
*የሦስት ልጆች እናት፣ ከሂርማታ*

መልስ፦ ችግሩ የሚጀምረው ከሦስቱ ኪሎ ነው። ሦስት ኪሎ ዱቄት ውሃና ዘይት ሲገባበት ወደ አምስት ኪሎ የሚጠጋ ሊጥ ይወጣዋል። ይህን ሁሉ አንድ ምጣድ ላይ ሲዘረጉት በጣም ይወፍራል፤ ሙቀቱ መሃል ከመድረሱ በፊት ታቹ ከሰል ይሆናል። ለአንድ ዳቦ ሁለት ኪሎ ይበቃል፤ እንግዳ ከበዛብዎ ሁለት ዳቦ ይጋግሩ እንጂ አንዱን አያወፍሩ።

ለሁለት ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሁለት ልክ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የቡና ሲኒ ስኳር፣ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማና አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላል ያስፈልጋል። ኮረሪማውን ከነልጣጩ ገዝተው በዕለቱ ቢፈለፍሉት ይሻላል፤ ተፈጭቶ የቆየው ሽታው ይጠፋል፣ እኛ ደግሞ ጥሩ ኮረሪማ ከሚበቅልበት አገር ተቀምጠን የቆየ የምንገዛበት ምክንያት የለም። ለብ ያለ ውሃ ከ1.2 እስከ 1.3 ሊትር፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አይጨምሩት፣ ዱቄት ሁሉ እኩል አይጠጣምና። እጅ ላይ በትንሹ የሚጣበቅ ለስላሳ ሊጥ እስኪሆን ሩብ ሰዓት ያህል ይሹት።

በታኅሣሥ የጅማ ሌሊትና ማለዳ ይበርዳል። ሐምሌ ላይ በአንድ ሰዓት ኩፍ የሚለው ሊጥ አሁን ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሰዓቱን ትተው ሊጡን ይዩ፤ እጥፍ ሲሆን፣ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲመለስ ደርሷል። ሳይደርስ የተጋገረ ዳቦ መሃሉ ድፍን ሆኖ ይቀራል፤ ብዙዎች ይህንን ነው "አልበሰለም" የሚሉት።

ኮባውን በተመለከተ፦ የመሃሉን ወፍራም ጅማት በቢላ ይላጡና ቅጠሉን በእሳት ለብለብ ያድርጉት። ቀለሙ ሲጠቁርና እንደ ጨርቅ ሲተጣጠፍ ይበቃዋል። ሳይለበለብ የተነጠፈ ኮባ ይሰነጠቃል፤ ሊጡ በስንጥቁ ገብቶ ምጣዱን ይይዛል። ከታች ሁለት ድርብ ያንጥፉ፤ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ቢሆንም አይበዛም።

ምጣዱን በኃይለኛ ሙቀት አይጀምሩ። ሞቅ ሲል ሊጡን አስቀምጠው፣ ላዩን በኮባ ሸፍነው አክንባሎውን ይድፉበትና ሙቀቱን ይቀንሱ፤ ማጥፊያ እንጂ መቀነሻ የሌለው ምጣድ ከሆነ እያጠፉ እያበሩ ይሂዱ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ታቹን ገልጠው ይዩ። ጠንክሮ ወርቃማ ከሆነ ከነኮባው ይገልብጡትና ሌላ 30 ደቂቃ ይስጡት። ቀጭን እንጨት መሃሉ ላይ ሰክተው ሲያወጡት ደረቅ ከሆነ ወጥቷል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይተዉት። ትኩሱን የተቆረሰ ዳቦ የበሰለው እንኳ ቢላ ላይ ሊጥ ይመስላል።

ዋዜማ ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ስለሚሰካ መብራት ይደክማል፤ ቢጠፋብዎ ዳቦው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከቀትር በፊት ይጋግሩ። ለልጆቹ ከሊጡ ሁለት ሁለት ጭብጥ ይቁረጡላቸው፤ ራሳቸው ያድቦልቡሉት፣ ምልክት ያድርጉበት፣ ከትልቁ ቀድሞ ይጋገር። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ለእርስዎም የምጣዱን ሙቀት መሞከሪያ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የአራትና የሁለት ዓመት ልጆቼ ዶሮ ወጥ ያቃጥላቸዋል። ሥጋውን በውሃ አጥቤ እሰጣቸዋለሁ፤ እሱንም ቢሆን ያለቅሱበታል።
*እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ*

መልስ፦ በርበሬው ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ቢያጥቡት የሚሄደው ጣዕሙ ነው። መለየት ያለብዎት በርበሬው ከመግባቱ በፊት ነው።

ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርገው ከትፈው ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ ያቁላሉ፤ እሳቱ መካከለኛ ከሆነ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ዘይት ጨምረው ሽንኩርቱ ሲለሰልስ፣ ልክ በርበሬው ሊገባ ሲል፣ ሁለት ጭልፋ ቁሌት ወደ ትንሽ ድስት ይቅዱ። የልጆቹ አልጫ ያ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይጨምሩበት፤ ከ12ቱ ብልት ሥጋ የሚበዛባቸውን ሁለቱን፣ በተለይ የደረቱን፣ እዚያ ይክተቱ። ክንፍና ጀርባ ለሕፃን አይሆንም፤ አጥንቱ ቀጭን ነው፣ ሲበስል ይሰነጠራል። ሥጋውን በእጅዎ ፈትለው፣ አጥንት እንዳልቀረ በጣት ዳብሰው ያቅርቡ።

ትልቁ ድስት ውስጥ ከ150 እስከ 200 ግራም በርበሬ ይግባና ውሃ ጠብ እያደረጉ ሌላ 40 ደቂቃ ያቁላሉ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ወጡ ጥሬ በርበሬ ይሸታል፤ በኋላ የሚጨመር መከለሻ ይህን አያድነውም።

እንቁላሉን ለሁለት ዓመቱ ልጅ ድቡልቡሉን አይስጡት፤ አስኳሉ ደረቅ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። አራት ቦታ ቆርጠው በአልጫው መረቅ አርሰው ይስጡት። ማቀዝቀዣ ከሌለ ሁለቱንም ድስት ጠዋትና ማታ እስኪፍለቀለቅ ያሙቁ፤ ልጅ የተረፈውን ሳህን መልሶ ድስት ውስጥ መገልበጥ ወጡን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ይጾማል? የስድስት ዓመት ልጄስ መጾም ይጀምር? ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ይዤው መሄድ እፈልጋለሁ።
*አባት፣ ከቆጪ*

መልስ፦ አይጾምም። ልደትና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብ ቢውሉም ይበላባቸዋል፤ በ2018 ዓ.ም. ገና የዋለው ረቡዕ ነበር። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን መሆኑ ቀርቶ 28 ይሆናል፤ ዕለቱም ዓርብ ነው። የበሬና የዶሮ ቀጠሮ ሲይዙ ይህችን ቀን አይርሷት።

ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። ልጆች በልማድ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ይለማመዳሉ፤ ለስድስት ዓመት ልጅ የፍስክ ምግብ መከልከል አያስፈልግም። ራሱ "እኔም" ካለ ሽሮውንና ምስሩን አብሯችሁ ይብላ፤ ሰዓት ግን አያስቆጥሩት።

ለሌሊቱ ቅዳሴ ዕለቱን ከምሳ በኋላ ያስተኙት። ሁለት ካልሲ፣ ከነጠላው በታች ሹራብ፣ መሬት ላይ የሚታጠፍ ወፍራም ጋቢ ያስፈልጋል፤ ቅዳሴው እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ሊቆይ ይችላል። የሚቆርብ ከሆነ የምግቡን ሰዓት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ይነጋገሩ። ጧፍ ለሕፃን ከተሰጠ ከሌላው ሰው ነጠላ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ነጠላ ባንዴ ነው የሚያያዘው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ ካሉት አራት ቤቶች ሦስቱ ሙስሊም ናቸው። ልጆቻቸውና ልጆቼ አብረው ነው የሚውሉት። በበዓሉ ቀን ምን ላቅርብላቸው?
*ከመንደራ*

መልስ፦ ጅማ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጎረቤቶችዎም ሥርዓቱን ያውቁታል። ሥጋውን አያቅርቡላቸው፤ "ቅመሱ፣ ምን አለበት" ብሎ መለመንም እንግዳን ማስጨነቅ ነው። ሥጋ ማካፈል ከፈለጉ ዶሮዋን ከነነፍሷ ዋዜማ ይስጧቸው፤ አርደው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ አንድ ምንጣፍ ላይ ቢሰበሰቡ ሁሉም የሚበላው ነገር አይጠፋም፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን፣ ለትልልቆቹ ቡና። ዳቦውን የሥጋ ቢላ ባልነካው ቢላ ይቁረሱ፣ ሳህኑም ለብቻ ይሁን። እናቶች ይህንን ያያሉ፤ ባይናገሩም ያያሉ።

መጠጡ ብርዝ ይሁን። አንድ ኪሎ ማር በአምስት ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው በንጹሕ ነጠላ ያጥሉት፤ ጌሾ አይገባበትም። ጠጅ ወይም ጠላ በነበረበት እንስራ ወይም ጀሪካን ግን በፍጹም አያስቀምጡት። በዕቃው ግድግዳ ላይ የቀረው እርሾ ብርዙን ሌሊቱን ወደ ጠጅነት ይወስደዋል፤ ጠዋት አረፋ ካዩና ምላስ ከቆነጠጠ ለማንም ልጅ አይሰጥም። ዋዜማ ማታ ሠርተው በበዓሉ ቀን ይጨርሱት። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር በማንኛውም መልኩ፣ በጣት ማስላስም ቢሆን፣ አይሰጠውም፤ በማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻ የሚያዝል መርዝ ያመነጫል።

የዒድ ቀን የእናንተ ልጆች ተራ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቹን የገና ጨዋታ ላስተምራቸው እፈልጋለሁ። ዱላውን ከምን ልሥራ?
*አያት፣ ከጅሬን*

መልስ፦ አባባ፣ ዱላው ቀድሞ መጀመር ይኖርበታል። ከቡና ማሳ የተገረዘ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ እርጥብ ቅርንጫፍ ያግኙ፤ አሁን የለቀማ ወቅት ስለሆነ ፍሬ የያዘውን እንዳይቆርጡ። ርዝመቱ ከልጁ ወገብ አይለፍ። ጫፉን በፍም ላይ እያዟዟሩ ያሙቁት፣ አንድ ጋት ያህሉን አጉብጠው በገመድ አጥብቀው ይሰሩት፣ ጥላ ላይ ለሳምንት ይተዉት። ፀሐይ ላይ ቢያደርቁት ጉብጠቱ ላይ ይሰነጠቃል። ሲፈታ በብርጭቆ ወረቀት ይላጉት።

ሩሩ ለልጆች የእንጨት አይሁን። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው በሲባጎ ዙሪያውን ቢያስሩት፣ የብርቱካን ያህል ከሆነ ይበቃል፤ ሲመታ ይንከባለላል እንጂ አይወረወርም። ሜዳውን በመሃል ከፍለው ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ሁለት ድንጋይ ያስቀምጡ። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉትን ከትልልቆቹ ይለዩ፤ ዱላ ከጉልበት በላይ ያነሣ አንድ ዙር ይውጣ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የተባለው ለስድቡ ነው፤ ጥርስ የሰበረ ዱላ አባትን ሳያስቆጣ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የቅርጫ ሥጋ ሲመጣ የአምስት ዓመት ልጄ ጥሬውን ይለምናል። ጥቂት ቢቀምስስ?
*ከአጂፕ*

መልስ፦ አይቅመስ። ሥጋው ውስጥ ያለ የኮሶ ትል እጭ በዓይን ተፈልጎ ሁሉም አይገኝም፤ ዳጣም ሚጥሚጣም አይገድለውም። ለእሱ ቀይ ሥጋውን ደቀቅ አድርገው ውስጡ ሮዝ መሆኑ እስኪጠፋ ይጥበሱለት። ከያዘው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የኮሶ ዛፍ አበባ ለሕፃን መድኃኒት አይደለም።

በዚያው ቀን ሌላም አለ። ማታ ሲበርድ የቡናውን ከሰል ልጆቹ ወደሚተኙበት ክፍል አታስገቡ። ከሰሉ የሚያወጣው ጋዝ ሽታም ጭስም የለውም፤ በር ተዘግቶ ከታደረበት የተኛውን ሳይነቃ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት አይታ "የገና ዛፍ ካልተገዛ" ትላለች። የኛ ስላልሆነ ልከልክላት?
*ከቦሳዶ*

መልስ፦ መከልከል አያስፈልግም፤ ውድ ፕላስቲክ መግዛትም አያስፈልግም። አንድ የጽድ ቅርንጫፍ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ባልዲ ተክላችሁ በየቀኑ አሸዋውን አርጥቡ። በውሃ ካልተጠበቀ በቀናት ይደርቃል፤ የደረቀ ጽድ ደግሞ ዘይት ስላለው እሳት ሲነካው ባንዴ ይነዳል። ስለዚህ ሻማ አታንጠልጥሉበት፣ ከቡናው ምድጃና ከዕጣን ማጨሻውም ይራቅ። መብራት ካደረጋችሁ ከምጣዱ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩት፣ ስትተኙም ንቀሉት። ለጌጡ ቀይ የቡና ፍሬ በክር እየሰኩ ማንጠልጠል ልጆቹን ግማሽ ቀን ያስቀምጣቸዋል፤ ሲደርቅ እንዳይረግፍ መርፌው በፍሬው መሃል ይለፍ፤ መርፌውን የሚይዘው ግን ትልቅ ሰው ነው።